ሙዝ የሚሸት ሻሽ

ሬሳው የተገኘው ከቀፎዎቹ በታች ባለው እርከን ላይ ነው፤ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ራሱ ሰዶ። በአንገቱ ዙሪያ የሞቱ ንቦች እንደ ፈሰሰ እህል ተበትነዋል። የኅዳር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር።

ኢንስፔክተር ፍቅርተ ከደብረ ታቦር በፒክ አፕ መጥታ፣ የመጨረሻውን አቀበት በእግሯ ወጥታ ስትደርስ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሟቹ ይሻው ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ንብ ሲያነባ የኖረ፣ ለደብሩ የጧፍ ሰም የሚያቀርብ ገበሬ ነው። በዋዜማው ወደ ማታ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ፣ ከቀፎዎቹ አጠገብ ካለችው ጎጆ እንደልማዱ ሊያድር ነበር። ጠዋት ቁርስ ይዘው የመጡት ባለቤቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው ያገኙት።

"ንብ ነው" አለ የቀበሌው ሚሊሻ። "ለአንድ የንብ አደጋ ከከተማ ድረስ መልፋታችሁ። ይቀበር።"

ፍቅርተ ተንበርክካ የሟቹን እጆች አየች። ጓንት የላቸውም። ቀፎ ውስጥ የገቡት እነዚህ እጆች ናቸው፤ ግን እዚህም እዚያም ተነደፉ እንጂ ደህና ነበሩ። በአዲስ ነጭ ሻሽ የተጠመጠመው ራሱ ነው የሰው መልክ ያጣው። ዓይኑ የት እንዳለ አይታወቅም። ጥቂት አለፍ ብሎ የታሰረችው አህያ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሣሯን ትግጣለች።

"ሳጅን" አለች ወደ ረዳቷ ወደ ኪዳኔ ዞራ። "የተገለጠ እጅ እያለ፣ የታሰረች አህያ እያለች፣ ንቡ የተሸፈነውን ራስ ስለ ምን መረጠ?"

ፍቅርተ ሻሹን ከሟቹ ራስ ላይ ዙር በዙር ፈታችው። የመጨረሻው ዙር ሲፈታ የሆነ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ጨርቁን ለኪዳኔ አቀበለችው።

"ምን ይሸትሃል?"

አሸተተና ግራ ገባው። "ሙዝ። የበሰለ ሙዝ።"

"እዚህ ብርድ ላይ ሙዝ ማን አመጣ?"

ሻሹን በፌስታል ከታ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

*

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከልቅሶው መሀል ተነሥተው ከጓሮ አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

"ሻሹ አዲስ ነው እናቴ። ማን ገዛለት?"

"ቅዳሜ ከከተማ ገበያ ይዞት መጣ። ሰው ሰጠኝ አለኝ። ማነው ብዬ ብጠይቀው 'የሰጠኝ ሰው ራሱ መጥቶ ይነግርሻል' ብሎ ዝም አለ። በፌስታል የታሰረ ነበር። ለአዲሱ ማር ይሁንህ፣ እስከዚያ እንዳትፈታው ተብያለሁ ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።"

"ደስ ብሎት ነበር?"

"እራቱን ሲበላ እንባው ይወርድ ነበር። አሞት መስሎኝ ደንግጬ ነበር። 'ዓለሚቱ፣ ዛሬ ሸክሜ ቀለለ' አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።"

"ንብ አናቢ ሽታ ያለው ጨርቅ አስሮ ወደ ቀፎ ይጠጋል?"

"ምኑ ሸቶት፤ ያ የሳል በሽታ በገባ ጊዜ ታሞ ከተነሣ ወዲህ አፍንጫው ሞቷል። ወጥ ሲያርር እንኳ የምነግረው እኔ ነኝ።"

"ይህን ማን ያውቅ ነበር?"

"ጎረቤቱ ሁሉ። ምን የሚደበቅ ነገር አለው?"

"ጠላት ነበረው?"

ሴትየዋ ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ላይ ያዙ።

"ደም ነበረበት" አሉ በመጨረሻ። "ከወርቁ ጋር ድንበርተኛ ነበሩ፤ ሁለቱም ንብ ያነባሉ። ጓደኛሞች ናቸው ስል የንብ መንጋ ከእኛ ቀፎ ወጥቶ የወርቁ ዛፍ ላይ አረፈ። የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባባሉ። ይሻው መጥረቢያ ይዞ ነበር። ልጅ እያየ ነው የመታው። ጎንደር ብዙ ዘመን ታሰረ። ሲፈታ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። ደሙ ደርቋል ልጄ። የወርቁን ቤት ተዪው።"

*

የወርቁ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ባልቴቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓይናቸው አብጧል።

"አልቅሰዋል" አለች ፍቅርተ።

"ከልቅሶው ነው የመጣሁ።"

"ለባልዎ ገዳይ?"

"ለአራሼ ነው" አሉ። "ከእስር ከወጣ ጀምሮ እርሻ ሲገባ ከራሱ መሬት በፊት የእኔን ነው የሚያርስ። አርስልኝ አላልሁትም። የመጀመሪያውን ዓመት ውሃ እንኳ አላቀመስሁትም። ዝም ብሎ አርሶ ይሄዳል። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጠላ ቀዳሁለት፤ ቆሞ ጠጥቶ ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ሰው የሆን።"

"ልጆችዎስ?"

"ወንዱ መዝገቡ ሐሙሲት ነው፤ ባትሪ ቻርጅ ያደርጋል። ሴቷ ወርቅነሽ ከተማ ናት፤ ተምራ ራሷን ችላለች።"

"መዝገቡ እርቁ ላይ ነበር?"

"አቁመው አስማሉት። ጠመንጃ ተሻግሮ ማለ።" አሮጊቷ እጃቸውን እያገላበጡ አዩ። "ከይሻው ጋር ግን እህል ቀምሶ አያውቅም። በዓል ሲሆን መጥቶ፣ ይሻው ከመጣ በጓሮ ይወጣል።"

ወደ መኪናው ስትወርድ የደብሩ መሪጌታ በመንገድ ጠበቋት። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"በእርቁ ላይ መስቀል የያዝሁት እኔ ነኝ ልጄ። ንብ ነው ብለሽ ዝጊው።"

"ሰው ቢሆንስ መሪጌታ?"

"ሰው ከሆነማ የይሻው ልጅ ፋሲካ አለ። እብናት ከብት ይነግዳል፤ መሣሪያ አለው። ለቀብር እየመጣ ነው። ስም ከሰጠሽው ሌላ መቃብር እንቆፍራለን።"

"ስም ካልሰጠሁት ራሱ ይመርጣል" አለች ፍቅርተ።

መሪጌታው መቋሚያቸውን አንሥተው መንገዱን ለቀቁላት።

*

አስከሬኑን የመረመረችው ዶክተር ገነት ከክፍሉ የወጣችው ፊቷ ገርጥቶ ነው።

"የንብ መርዝ ነው የገደለው። ጉሮሮው አብጦ ተዘግቷል። በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።"

"ይህንን አሽቺልኝ።"

ዶክተሯ የፌስታሉን አፍ ከፈት አድርጋ ወዲያው መለሰችው። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

"ይገርማል፤ ተማሪነቴን አስታወስሽኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን በኬሚስትሪ ላብ እንሠራው ነበር። አልኮልና አሲድ ሲዋሐዱ የፍራፍሬ ሽታ ይወጣል። አንዱ አናናስ፣ አንዱ ሙዝ። ኤስተር ይሉታል። ከረሜላ ላይ የሚጨምሩት እሱን ነው።"

"አሁንም ይሠራል?"

"ላብ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይሠራል። አስተማሪ ጠይቂ።"

ከሆስፒታሉ ብዙም የማይርቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከረጅም መዘጋት በኋላ ተከፍቶ ነበር። ርእሰ መምህሩ ወደ ላቦራቶሪው መራት። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ቀጭን ወጣት ናት።

"መምህርት ኤልሳቤጥ ትባላለች" አለ ርእሰ መምህሩ። "ተማሪው ከእሷ ክፍል አይቀርም።"

ፍቅርተ የመጣችበትን ነገረቻት። አስተማሪዋ ሳትቸኩል ሰማቻት፤ ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተች፤ እንደ ባለሙያ በእጇ መዳፍ ሽታውን ወደ አፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገች።

"አሚል አሲቴት ነው" አለች። "እኛም ሰሞኑን እየሠራነው ነው። አሚል አልኮልና አሴቲክ አሲድ፤ ሁለቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ አሙቆ ማዋሐድ ነው። ግን ኢንስፔክተር፣ ይህን ሽታ ንብም ራሱ ይሠራዋል።"

"እንዴት?"

"ሲነድፍ ከመውጊያው አብሮ ይወጣል። ሌሎቹ ያንን አሽተው ጠላት እዚህ ነው ብለው ይመጣሉ። አንዱ በነደፈበት ሌላው ይነድፋል። ይህን ሁሉ ንብ የነደፈው ጨርቅ ሙዝ ቢሸት አይግረምዎት።"

"ስለ ንብ ብዙ ያውቃሉ።"

"መጽሐፍ ላይ ያለ ነው።"

ፌስታሉን መልሳ አሰረችው፤ ከፍቅርተ በተሻለ አሰረችው። ፍቅርተ አመስግና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ መሪጌታው ትዝ አሏት። ንብ ራሱ የሠራው ሽታ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ ሁለት ቤት ይተርፋል። ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላት ደግሞ ተናደደች።

*

ይሻው ተቀበረ። ልጁ ፋሲካ ከእብናት ደርሶ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳነገተ አፈር ሲመለስ ቆሞ አየ። ማንንም አልጠየቀም።

ከቀናት በኋላ ፍቅርተ ምርመራውን ልትዘጋ ሻሹን ከፌስታሉ አወጣችው። ስትዘረጋው እጇ ላይ ተቀደደ። መሀሉ ወንፊት ሆኗል፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ቡናማ ነው፤ ሲነኩት እንደ አመድ ይፈረፈራል።

"ኪዳኔ፣ ይህ ቀዳዳ በመጀመሪያው ቀን ነበረ?"

"ኧረ አልነበረም።" ጨርቁን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየው። "ይህንን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ጋራዥ ሲሠራ ሱሪው ሁሉ እንዲህ ነበር። የባትሪ ውሃ ነው። ሲነካው ምንም አይታይም፤ ሰንብቶ ነው የሚበላው።"

ሁለቱም ተያዩ። ንብ ጨርቅ አይበላም። በዚህ ነገር ውስጥ ደግሞ በባትሪ የሚተዳደር ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሐሙሲት የደረሱት የገበያ ቀን ነው። ሚኒባሶቹ ለባሕር ዳር ይጣራሉ። መዝገቡ ከቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ በባትሪዎች ተከቦ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ጉልበቱ ላይ ያለው ሱሪ የሻሹን ቀዳዳ የመሰለ ቀዳዳ ሞልቶታል።

"ይሻው ሞተ አሉ" አለ ቀና ሳይል።

"ደስ አለህ?"

"አላዘንሁም።"

"ቅዳሜ የት ነበርህ?"

"ደብረ ታቦር። ዕቃ ልገዛ።"

"ይሻውን አየኸው?"

"በሩቅ።"

"ከማን ጋር?"

መዝገቡ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የማይለቅ ነገር እንዳለበት ደጋግሞ ጠረገ። "ምነው ጠየቅሽኝ?"

"የሞተው ንብ የሚያሳብድ ሽታ በተቀባ ሻሽ ነው። ሻሹን ያን ዕለት ገበያ ላይ ሰው ሰጥቶታል፤ በፌስታል አስሮ።"

ሰውየው ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ፊቱ ግን ተለወጠ። በር ላይ የቆመውን ኪዳኔን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ፍቅርተን አየ።

"ብቻውን ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ የሰጠሁት። እኔ ነኝ የገደልሁት። እሰሩኝ።"

ካቴናውን ሲያጠልቁለት እጁን ራሱ አቀረበ።

ጣቢያ ሲደርሱ ፍቅርተ ለብቻው አስቀመጠችው።

"ሻሹን እንዴት አዘጋጀኸው?"

"የባትሪ ውሃ ቀባሁት።"

"የባትሪ ውሃ አይሸትም። ሽታውን ከየት አመጣኸው?"

"ሙዝ ገዝቼ ጨመቅሁበት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምን አለ? ጨመቅሁበትና ሰጠሁት።"

ፍቅርተ ብዙ ጊዜ ሰው ሲዋሽ አይታለች። ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ ዓይኑ ይሸሻል። ይህኛው ግን ዓይኗን ፊት ለፊት እያየ፣ እመኚኝ ብሎ እየለመናት ነበር።

"ማንን ነው ያየኸው መዝገቡ?"

መዝገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰችው ለአንድ ጥያቄ ነበር፦ ሙዝ የሚሸትና ጨርቅ የሚበላ ነገር አንድ ላይ የሚገኝበት መንገድ አለ ወይ? ትምህርት እየተሰጠ ስለነበር በላቦራቶሪው በር ቆማ ጠበቀች። ተማሪዎቹ ሙቅ ውሃ በያዙ ድስቶች ዙሪያ ተኮልኩለዋል። የመስታወት ቱቦዎቹን እያወጡ ወደ አፍንጫቸው ይጠጋሉ፤ አንዷ አናናስ ወጣልኝ ትላለች፤ ሌላው የእኔ የጥፍር ቀለም ይሸታል ብሎ ያስቃል። ክፍሉ ጣፍጧል። ሞትን ያላየ ሰው ደስ የሚለው ሽታ ነው።

"ስንት ነገር ጨመርን?" አለች መምህርት ኤልሳቤጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ።

"ሦስት" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"ሦስተኛው?"

"ሰልፈሪክ አሲድ።"

"የባትሪ ውሃ ውስጥ ያለው ነው፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ። ያለ እሱ ሽታው እንዲህ ቶሎ አይወጣም። ከዚያ በሶዳ ውሃ ታጥቡታላችሁ። ሳታጥቡ ልብሳችሁን ከነካው አሲዱ አብሮ አለና ሰንብቶ ይበሳዋል። እናቶቻችሁ እኔን ነው የሚረግሙት።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷም ልትስቅ ዞር ስትል ፍቅርተን አየቻት።

ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻዋ ልጅ በሩን ዘጋችው።

"ለእኔ ሁለት ነው ያሉኝ" አለች ፍቅርተ። "አልኮልና አሴቲክ አሲድ።"

"ለማሳጠር ነው።"

"ይሆናል። ለምስክርነት ስምዎን ይንገሩኝ። ኤልሳቤጥ ማን?"

አስተማሪዋ አንዱን ቱቦ አንሥታ ማጠብ ጀመረች። ውሃው ቱቦውን ሞልቶ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ።

"ኤልሳቤጥ ወርቁ።"

ፍቅርተ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሮጊቷ ሴት ልጅ አለችኝ ብለዋት ነበር፤ የት ነው የምትሠራ፣ ምን ተማረች ብላ አልጠየቀችም። ደም ሲባል ወንዱን ፈልጋ ሐሙሲት ወርዳለች። እንደ ሽማግሌዎቹ፣ እንደ አገሩ ሁሉ።

"እናትሽ ቤት ማን ብለው ነው የሚጠሩሽ?"

"ወርቅነሽ። ኤልሳቤጥን አጎቴ ነው ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ያወጣልኝ።"

"ወንድምሽ እኛ ጋ ነው። እኔ ነኝ የገደልሁት ብሎ አምኗል።"

ቱቦው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። "ምን ብሎ?"

"ሙዝ ጨምቄበት ብሎ።"

ሴትየዋ የሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

"መዝገቡ ሞኝ ነው" አለች። "ልጅ ሳለንም እኔ የሰበርሁትን እኔ ነኝ እያለ ይገረፍ ነበር። ፍቱት። እሱ ከሩቅ አየን እንጂ ምንም አያውቅም።"

ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከጀርባ የተረፈውን ሽታ የያዘ ጠርሙስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፍቅርተ አልነካችውም፤ ውጭ ሲጠብቅ የነበረውን ኪዳኔን ጠራችው።

"እርቁ ላይ ያስማሉት መዝገቡን ነው" አለች ወርቅነሽ፣ ጥያቄ ሳትጠብቅ። "ወንድ ነውና። ሽማግሌዎቹ መስኩ ላይ ተቀምጠው፣ መስቀል ይዘው፣ እሱን አቁመው ይቅር በል አሉት። እኔ ጓሮ ከሴቶቹ ጋር ነበርሁ። ሽንኩርት እየላጥሁ። ማን ጠየቀኝ? አባቴን ሲመታው ያየሁት ግን እኔ ነኝ። መዝገቡ ከብት ይዞ ሄዶ ነበር። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ ንቡ ሲያርፍ እያየሁ ነበር፤ አባቴ አንሥቶ ሊያሳየኝ።"

"እናትሽ ይቅር ብለውታል።"

"እናቴ ደክሟት ነው። አራሽ ስላጣች ነው። እኔ በዓል በመጣሁ ቁጥር ስለ እሱ ታወራልኛለች፤ እንዲህ ታሞ ዳነ፣ አፍንጫው እምቢ አለው፣ ጎመን አመጣልኝ። ስለ ዘመድ እንደሚወራ። በአባቴ ቤት!" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ፤ ወዲያው መለሰችው። "ልጆቹን ይህን ሽታ ሳስተምር ዘንድሮ ነው የመጣልኝ። አባቴ ንብ ሲቆጣ ሽታው ይታወቃል ይለኝ ነበር። እሱ ሙዝ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ኋላ ስማር ሙዝ መሆኑን ያወቅሁ።"

"ገበያ ላይ ምን አልሽው?"

"ስሜን ጠራሁለት። ወርቅነሽ ነኝ አልሁት። ሊያየኝ ፈርቶ መሬት መሬት ያይ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይህን ለአዲሱ ማር እሰረው አልሁት፤ ለእናቴ ራሴ መጥቼ እስክነግራት ለማንም እንዳትናገር አልሁት። አለቀሰ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝሁት።"

"ያኔ አልራራሽም?"

ወርቅነሽ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን መስታወት ለቀመች።

"ራርቼ ነበር" አለች። "ፌስታሉን ልቀበለው እጄን ዘርግቼ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ የተሻለ አመጣልሃለሁ ልለው። ከዚያ ፌስታሉን የያዘበትን እጁን አየሁት። ያው እጅ ነው። አላረጀም።"

ኪዳኔ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ወደ ውጭ መለሰ። ግቢው ውስጥ ተማሪዎቹ አሁንም እጃቸውን እያሸተቱ ይሳሳቃሉ።

"አሁንስ?" አለች ፍቅርተ።

"አሁን ሲሞት ምን አለ እያልሁ አስባለሁ። ማን ነው የገደለኝ ብሎ አስቦ ይሆን፣ ወይስ ንቡን ነው የወቀሰ?" ጋውኗን አወለቀች፤ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "በሶዳ ማጠብ ነበረብኝ። ቸኮልሁ።"

*

መዝገቡ ሲፈታ እህቱ ከጎኑ ባለው ክፍል እንዳለች ነገሩት። በሩ ሥር ቁጭ ብሎ አልሄድም አለ። ፍቅርተ ትቶ እንዲሄድ አላስገደደችውም፤ ለደኅንነቱም ከመንደሩ ጣቢያው ይሻለዋል።

ወሬው ሳይቀድማት ወደ ተራራው ወጣች፤ መጀመሪያ ለወለተማርያም ነግራ ወንዙን ተሻገረች። በይሻው ደጅ ድንኳኑ አልፈረሰም። መሪጌታው አሉ። ፋሲካ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ተቀምጧል፤ ከእናቱ ዓይን በቀር ሁሉንም ያያል። ፍቅርተ ቆማ፣ ሳታስረዝም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ሻሹን የሰጠችው እሷ ናት?" አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

"አዎ።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

"ወንዱስ?" አለ ፋሲካ።

"ወንዱ አላወቀም። ሕግ ይዟታል ፋሲካ። መሣሪያህን ስጠኝ።"

መሪጌታው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ ይመስላሉ። ፋሲካ ካዝናውን ነቀለ፤ ጥይቱን አወረደ፤ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አቀረበላት።

"ውሰጂው" አለ። "እሷም ጠመንጃ አላስፈለጋትም።"

ፍቅርተ ተቀበለችው።

ውሻው የጮኸው ያኔ ነው። በወንዙ በኩል ባለው መንገድ ወለተማርያም ብቻቸውን እየመጡ ነበር። ጫማ አላደረጉም። ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከክብደቱ የተነሣ ፊታቸው መሬት ሊነካ ደርሷል። ከደጁ ሲደርሱ ቆሙ። በደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም።

መሪጌታው ሊነሡ ሲሉ ዓለሚቱ እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

አሮጊቷ ቆመው ቆዩ። ከማጅራታቸው የወጣ ደም በነጠላቸው ጠርዝ ታየ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ዓለሚቱ ተነሥተው ወደ ደጁ ሄዱ።

"ታውቂ ነበር?"

"አላወቅሁም።"

"ብታውቂስ?"

"ባውቅማ ራሴ ሮጬ ሻሹን ከራሱ እፈታው ነበር" አሉ ወለተማርያም፣ ከድንጋዩ ሥር።

ዓለሚቱ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አኖሩ። ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልተነሣላቸውም።

"ፋሲካ፣ ና። ብቻዬን አልችለውም።"

ፋሲካ አልተንቀሳቀሰም።

"ፋሲካ" አሉ እናቱ እንደገና፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ።

ተነሣ። የሴትየዋን ፊት ሳያይ፣ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣው። ለአፍታ ደረቱ ላይ ይዞት ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረውና ሁለቱን ሴቶች አልፎ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ወረደ። ወደ ኋላ አላየም።

ይቅር ያለ ሰው አልነበረም። ወለተማርያም ቆመው መቆየት አቅቷቸው ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አሉ። ዓለሚቱ ጥቂት ቆመው አዩአቸውና እሳቸውም ከዚያው ከጎናቸው ተቀመጡ።